የፎርሙ ጀርባ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ እንዴት ነው? እግሩ አሁንም ያብጣል? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ ልበልሽ፤ ለወጉ ያህል።

ስልኬን አላነሳ ስላልሽ ነው የምጽፈው። መዝገብ ቤት ተቀምጣ የእህቷን ባል አንዲት ወረቀት ማግኘት አቃታት ብለሽ ለአክስታችን መናገርሽን ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

መድን ድርጅቱ፣ ባልሽ የኩላሊት ሕመሙን ደብቆ ነው የተመዘገበው ብሎ ቀዶ ጥገናውን አልሸፍንም አለ። አልደበቀም። ፎርሙን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስለ ሕመም የሚጠየቅበት ቦታ ስለጠበበው ጀርባው ላይ አራት መስመር ሙሉ ጻፈ፤ የሐኪሙን ስም ሳይቀር። ሐኪሙ አንተ ነህ እንዴ ብዬ ስቄበት ነበር።

የእኛ ቢሮ የመድን ድርጅቱን መዝገብ በውክልና ይይዛል እንጂ ባለቤቱ አይደለም። እያንዳንዱን ወረቀት ሰባት ዓመት ማቆየት፣ የውክልና ውሉ ሲያበቃም አንዲት ቅጠል ሳትጎድል ማስረከብ አለብን። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኃላፊያችን፣ ስካን አድርጋችሁ ወረቀቱን አስወግዱት አለን። ጊዜ የለም፣ ፊት ፊቱን ብቻ አንሱ፣ ከጀርባ ማን ይጽፋል አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የሚለቀምም አልተረፈንም። ወረቀቱ በማሽን ተቆራርጦ በጆንያ ወጣ።

አሁን ኃላፊው አላዘዝኩም ብሎ ይምላል። ትናንት ሻይ ጋብዞኝ፣ የቤተሰብሽን ጣጣ ከሥራሽ ጋር አታደባልቂ አለኝ። ሻዩን ጠጣሁለት። እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

የተወገዱ ወረቀቶች የሚሰፍሩበትን የማስወገጃ መዝገብ ገጽ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ዛሬውኑ ለጠበቃሽ ስጪው። የባልሽ ፎርም ሰባት ዓመቱ ሳይሞላ በአራተኛው ዓመት እንደተወገደ ይመሰክራል፤ የራሳቸው ወኪል ባጠፋው ወረቀት ደበቅክ ሊሉት አይችሉም። ከግርጌው «የፊቱም የጀርባውም ገጽ ስካን መደረጉን አመሳክሬ አረጋግጫለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። ጠበቃው የማን ነው ብሎ ከጠየቀሽ፣ አደራ፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ። እጄን ይዘሽ መጻፍ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ገና ስታይው ታውቂዋለሽ።

ፈጣሪ ባልሽን ይማርልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ለራሴ የምጸልየው ይቆይ።

እህትሽ፣ አሁንም ከፈቀድሽ