ስድስቱ ጥይቶች

ጊንጪ፣ ግንቦት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለድንቅቱ፣

ሆድሽ እንዴት ነው? የእግርሽ እብጠት ተወሽ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዳይጎዳሽ ውሃ ጠጪ። እዚህ ዝናቡ ቀደም ብሎ ገብቷል፤ የጭልሞ ጫካ ከርከሮ ግን ከዝናቡም ቀድሞ ማሳ ገብቷል።

«ስወልድ አንቺው መጥተሽ እረሺኝ» ያልሽበትን ደብዳቤ ሦስቴ አነበብኩት። የዘገየሁት የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፤ የአባትሽ ዓይን ሄዷል። ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ያንን ድኩላ ያድኑበት የነበረውን ጠመንጃ የተወላቸው ከርከሮ እንዲያባርሩበት ነው። እንደማያዩ ከታወቀ ይወስድባቸዋል። ያለ ጠመንጃው ደግሞ ክረምቱን የሚዘልቁ አይመስለኝም።

ጥይት ዛሬም ራሳቸው ይሞላሉ። ታስታውሺ የለ፤ የተተኮሰውን ቀለህ ይጠርጋሉ፣ ባሩዱን መዝነው ይጨምራሉ፣ ያ ድሮ አብረውት ያድኑ የነበረው ፈረንጅ ትቶላቸው በሄደው መግጠሚያ ብረት እርሳሱን አናቱ ላይ ይገጥማሉ። እርሳሱ ከመገጠሙ በፊት ከብቶቹን ሊያዩ ሲወጡ፣ እኔ ባሩዱን ገልብጬ እንደገና እመዝናለሁ። የሚዛኑን ቁጥር ከባሩዱ ቆርቆሮ ላይ አንብቤ ብቻዬን ነው የለመድኩት። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ገበያ እንኳ ሄጄ የምመለሰው እየሮጥኩ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጥይቱን ልንሞክር ወጣን። ካርቶን ላይ በከሰል ክብ ሠርቼ ሰቀልኩ። ተኮሱ። አፈሩ የቦነነው ከካርቶኑ ብዙ ርቆ ነው።

«አመለ፣ የት ገባ?» አሉኝ።

«መሃሉ ላይ።»

በወስፌ በስቼ አመጣሁላቸው። ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥይቱም እንደኔ ከሳ ማለት ነው?» ብለው ሳቁ። አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስካሁን አልገባኝም።

በማግስቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቀንዓ መጥቶ ካርቶኑን አየ። «ኦቦ ተሬፋ፣ የእርስዎ ጥይት መቼም አይስት! ለጥበቃዎቻችንም ሠላሳ ይሙሉልን እንጂ» አላቸው።

«ምን ችግር አለው!» አሉት፤ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዪ።

ዛሬ ጠዋት ከተደረደሩት ቀለሆች አንዱን ባሩድ እስከ አፉ ሞልተውት አገኘሁ። ያ ቢተኮስ ጠመንጃው ፈንድቶ የተኳሹን ፊት ይወስዳል፤ የእሳቸውን ወይም የሌላ ሰው ልጅን። ብነግራቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ትቻቸው ወደ አንቺ ብመጣ የሚመዝን የለም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ነጋዴዋ ሹኩሪያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገርም ትሰጥሻለች። የስፌት መኪና ዕቃ ነው ብያታለሁ። ስትፈቺው ታውቂዋለሽ። ያለ እሱ እርሳስ አይገጠምም። እለምንሻለሁ፣ መልሰሽ እንዳትልኪው። እዚህ የቀሩት ስድስት ሙሉ ጥይቶች ናቸው፤ ስድስቱንም በእጄ መዝኛቸዋለሁ። እነሱ ካለቁ በኋላ ወደ አንቺ መምጫው መንገድ ይከፈትልኛል ብዬ አስባለሁ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

ይህን ስጽፍ የጥይት ዕቃቸውን ሣጥን ሲጎረጉሩ እሰማለሁ። ብረቱ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው። «አመለ! ኮቱ፣ ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን አውሺኝ» እያሉኝ ነው። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ሄጄ አብሬያቸው ልፈልግ።

እናትሽ አመለሸጋ