ፋይል የያዘችው ሴትዮ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

ትምህርት ተከፈተ። የእህቴን ልጅ ኬዚያን አድርሼ የበረዶ መሸጫ ጋሪዬን እየገፋሁ ወጣሁ። ሙቀቱ ለእኔ የተላከ ነው። የተፈጨው በረዶም ቀዩ ሽሮፕም ከምሳ በፊት አለቀ። ተመስገን።

ጠዋት ግን ጉድ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ጸጉር እንዴት ነው የሚበጠረው? እህቴ ማርቫ ልጇን ትታልኝ ስትሞት ይኼን አላስተማረችኝም። ማበጠሪያውን ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። ልጅቷ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። ጎረቤታችን ሚስ ሀያሲንት ከአጥሩ ማዶ ሰምተው መጡ።

"እያበጠርካት ነው ወይስ እየላጥካት? ወዲያ በል!"

ጎንጉነው ለቀቋት። "ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ወደ እኔ አምጣት።" እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

የኬዚያ ቦርሳ አሁንም በሩ ጥግ ነው። ልብሷን ከዚያው እያወጣች ትለብሳለች፣ መልሳ ታጥፋለች። "ሚስማር መታሁልሽ እኮ፣ ስቀዪው" ብላት "ቤቴ ስሄድ ይረሳብኛል" አለችኝ። የትኛው ቤት? ... አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11

የመንግሥት ድጎማ ቢሮ ሄጄ ለልጅ ማሳደጊያ ተመዘገብኩ። የቢሮው ሠራተኛ ሰፈራችን ድረስ መጥታ ልጅቷ እኔ ጋ መኖሯን ታይና ይጀመርልኛል። "መቼ?" አልኩ። "በቅርቡ።" የመንግሥት በቅርቡ ደግሞ ይታወቃል!

ትልቋ እህቴ ቨርና ከሞንቴጎ ቤይ ደወለች። "ራስህን እንኳ በቅጡ አታበላም፣ ልጅ ምን ልታደርጋት ነው? ድጎማው እስከ ገና ካልመጣልህ እኔ እወስዳታለሁ።" ክፋት የለባትም፣ ቤቷም ሰፊ ነው። ግን አንጀቴ እንቢ አለኝ። እስከ ገና ጠብቂኝ አልኳት።

ኦክቶበር 7

ዝናብ።

ኦክቶበር 10

ዝናብ። በዚህ ዶፍ በረዶ የሚገዛ እብድ የት ይገኛል?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ያው ዝናብ። ቅዳሜ ያለ ሾርባ ቅዳሜ አይደለም፣ የእኔ ድስት ግን ተደፍቷል። ከሰዓት ሚስ ሀያሲንት የዶሮ እግር ሾርባ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡ። "አበዛሁት፣ ከምደፋው ብዬ ነው።" ውሸታቸውን! እሳቸው ልክ ስተው አያውቁም። ባለሱቁ ቻቢ ደግሞ የበቆሎ ዱቄት ላከልኝ፣ "ነቅዟል፣ ከፊቴ አንሳልኝ" ብሎ። ነፋሁት፣ አንድ ነቀዝ የለበትም። የእኛ ሰፈር ሰው ሲሰጥ እየተሳደበ ነው። እግዜር ይስጣቸው። ኬዚያ ሁለት ሳህን በላች።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

ቢሮ ሄድኩ። "ሠራተኛችን ባለፈው ወር ሰፈርህ ሄዳ ነበር። ሊንቫል ፒኖክ የሚባል ሰው እዚያ ሰፈር የለም ተባለች። ጉዳይህ ተዘግቷል።" እንዴት የለም? ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር!

ተመልሼ መንገድ መሃል ቆሜ ጮህኩ፣ "ፋይል የያዘች ሴት መጥታ ነበር?"

ቻቢ ደረቱን ነፋ። "በረዶ ልታመጣ ሄደህ ሳለ መጣች። ድራሿን አጠፋናት! እኔ ዘሩንም አላውቀው አልኳት። ሚስ ሀያሲንት ደግሞ ሞቷል አሏት።"

"ሞቷል?!"

"ቲቪህን በዕዳ ልትነጥቅ የመጣች መስሎን ነዋ! ፋይል ይዞ እዚህ ሰፈር በጎ ነገር ያመጣ ማን አለ?"

ለነገሩ ባለፈው ዓመት የቻቢን ፍሪጅ ሊወስዱ ሲመጡ "ገጠር ገብቷል" ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ባንኮኒው ስር ተኮራምቶ! ስለ ድጎማው ስነግራቸው ሚስ ሀያሲንት ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። "በገዛ አፌ የልጅቷን ጉሮሮ ዘጋሁት..." ተናድጄ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ንዴቱ ከየት ይምጣ?

ኖቬምበር 6

ቻቢ ሱቁን በሥራ ቀን ዘጋ። ይኼ ሰው በአባቱ ቀብር ቀን እንኳ ግማሽ ቀን ከፍቷል። ሚስ ሀያሲንት የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ደፉ። ሦስታችን ቢሮ ገባን።

"ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ!" አሉ ገና ከበር። "ይኸው ቆሟል፣ ንኩት!"

ተራ ጠባቂው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የቢሮዋ ልጅም ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። ሠራተኛዋ ከገና በፊት ትመጣለች... ምናልባት። በመንገድ እንባዬ መጣ። ደግነቱ እየዘነበ ነበር።

እሁድ፣ ዲሴምበር 1

ቨርና ደወለች። "መጣልህ?" "አልመጣም።" "እንግዲህ ዲሴምበር 20 ቀን መኪና እልካለሁ።" ኬዚያ እየሰማች ነበር። ቦርሳዋን አየሁት፣ ያው በሩ ጥግ ነው። ለመሄድ የተዘጋጀ ቦርሳ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 18

መጣች!

ቻቢ ለሰፈሩ ሁሉ አስጠንቅቆ ነበር፤ ፋይል የያዘ ሰው ከመጣ እጁን ይዛችሁ አይሲ ቤት፣ ማለትም እኔ ጋ፣ አምጡት ብሎ። እኔ ጓሮ የጋሪዬን ጎማ እየጠገንኩ ነበር። ለካ ለአንዲት ሰው መንገሩን ረስቷል። ሴትዮዋ በር ላይ ያገኘቻት ገመድ የምትዘለውን ኬዚያን ነው።

"ሊንቫል ፒኖክ እዚህ ነው የሚኖረው?"

"አላውቀውም።"

ከጓሮ ሰማኋት። ምን ታድርግ? ስሜን ማን ነግሯት ያውቃል? በረዶ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ለሁሉም አይሲ፣ በረዶው፣ ነኝ።

"ታዲያ እዚህ ማን ይኖራል?"

"አይሲና እኔ።"

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

የገመዱ ድምፅ ቆመ። የማርቫ ነኝ፣ እዚህ እንግዳ ነኝ ልትል ነው አልኩ...

"የአይሲ። ቤታችን ይኼ ነው። ፋይል ከያዘ ሰው ጋር ግን አላወራም!"

እጄ ግራሶ እንደሆነ ወጣሁ። ሴትዮዋ እየሳቀች ነው፣ እኔ እያለቀስኩ። "አቶ አይሲ፣ መግባት ይቻላል?" አለችኝ። የኬዚያን አልጋ አየች፣ ደብተሯን አየች፣ ጻፈች። ገንዘቡ ጃንዋሪ ላይ ይጀምራል። ከፈለገ ይዘግይ! ለቨርና ደውዬ መኪናውን ተዪው፣ ይልቅ ለገና ራስሽ ነይ፣ ሾርባ አለ አልኳት። ሾርባው የሚስ ሀያሲንት ነው፣ ገና አልነገርኳቸውም።

አመሻሽ ላይ ሽርጤን ልሰቅል ብዬ ሚስማሩ ጋ ብሄድ ቦታ የለም። የትምህርት ቤት ቀሚሷ ተሰቅሎበታል። ቦርሳው ባዶውን ታጥፎ አልጋ ስር ገብቷል።

"ለራስህ ሌላ ምታ" አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

መዶሻውን ፈልጌ መታሁ።