ከቀይዋ መኪና ስር የተነጠፈ ገለባ

መቱ፣ ዓርብ ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.። ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ውሎ አሁን ገና አባርቷል። እቤት የዋልነው አባባ፣ መካኒኩ ሰይፈ ሚካኤልና እኔ ነን።

ለውድ ወንድሜ ለዋቁማ ጅራታ፣ ጁባ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለፈው በስልክ የሰማሁት ሳልህ ተወህ ወይ? ባለቤትህ ሰኚስ እንዴት ናት? ሲፋን በትምህርቷ እየበረታች ነው? ሙቀቱስ ቀለል አለላችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለን። አባባም ጉልበቱን ከማመሙ በቀር ደህና ነው። ናፍቆትህ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ያደርገኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። አንተ ስትደውል አባባ ድምፁን ካላጎላሽው ብሎ አጠገቤ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። በጋምቤላ በኩል ወደ እናንተ የሚሻገር ሰው ስላገኘሁ በእሱ እሰድልሃለሁ።

የአባባ እህት አዳዳ ኢሊሊ ጎሬ ላይ መታመሟን እሁድ ስንነግርህ፣ አባባን ሊጠይቃት በእኔ መኪና ውሰዱት፣ ሰይፈ ሚካኤል ይንዳለት ብለህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባን የሚይዘው አልተገኘም። ለእትዬ አልጣሽ በአጥር በኩል፣ ልጄ ባለሁለት በሯን ቀይ መኪና አዘዘልኝ ብሎ ነገራት። እሷም፣ እንግዲህ ሙሽራ ከሆኑ እኛን ሚዜ አድርገው ይውሰዱን አለችው። ለእሽቅድምድም የተሠራች መኪና ዘመድ አትጭንም ብሎ ዘጋት።

ሰይፈ ሚካኤል ግን፣ ይህን ያህል ዓመት የቆመች መኪና ሆዷን ሳላይ ይዤ ጎሬ ዳገት ላይ አልወጣም አለ። ዛሬ ጠዋት መጥቶ በክሪክ አነሳናት፤ እንዳትወድቅበትም ከስሯ ግንድ አስገባን። እኔ እንደ ድሮው ባትሪ ያዝኩ። አንተ ከመኪና ስር ተኝተህ ባትሪ ስይዝልህ ካየሁትና በመለዋወጫ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ካነበብኩት በቀር የማውቀው የለኝም፤ ያየሁትን ግን ልንገርህ። ከፊት በኩል ጎማውን የሚይዘው ብራቾ ዝጓል፣ ብረቱ ግን አልተበላም። በመጋጠሚያው ላይ ያለው ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ንዝረቱን የሚያበርዱት አሞርዛተሮች ዘይታቸውን ጨርሰዋል። ይህ ሁሉ ይለወጣል አለኝ።

ወደ ኋላ ስንዞር ነው ነገሩ የከፋው። የኋላው ሞላ የሚያርፍበትን የአካሏን ብረት በመዶሻ ጫፍ ሲነካካው እንደ ብረት አልጮኸም። ካቻቢቴውን ሲያስደግፈው ሰተት ብሎ ገባ፤ ዝገቱም እየተፈረፈረ ደረቱና ትከሻው ላይ ወረደ። በብየዳ አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ለመበየድ እኮ የሚይዝ ጤነኛ ብረት ያስፈልጋል፤ ቁልቁለት ላይ አንድ ጉድጓድ ካገኛት ሞላው ወለሉን በስቶ ይገባል አለኝ።

ዋቁማ፣ ያበላሻት ገለባው ነው። ስትሄድ መኪናዋን ለአባባ አደራ ብለኸው ነበር። የመቱን ጭቃ ታውቀዋለህ። ጎማዋ እንዳይሰምጥ ብሎ በየዓመቱ ቡና ሲፈለፈል ገለባውን ከመፈልፈያው በጆንያ እያሸከመ ያመጣል፤ እንደ ፍራሽ ያነጥፍላታል። አሮጌውን ሳያነሳ አዲሱን ይደርብበታል። እሷ ደግሞ እንደ ፒካፕ ከፍ ያለች ስላልሆነች ክምሩ ሆዷ ድረስ ደረሰ። ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን እርጥብና ለብ ያለ ነው። ክረምት ከበጋ ያንን እርጥበት ታቅፋ ኖራለች። ላይዋን ብታያት አባባ ሁልጊዜ ስለሚወለውላት ፊትህ ይታይባታል። አንተም በስልክ፣ እንደ አባባ መኪና የሚጠብቅ የለም ትለው ነበር፤ እኛም አዎ እንል ነበር። አንዳችንም ጎንበስ ብለን አላየንላትም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አባባ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያየን ነበር። ምን ሆና ነው ሲል፣ ሰይፈ ሚካኤል ዕድሜ ነው አባባ አለው። አባባም፣ ዕድሜማ ከሆነ እኔ ከሷ እበልጣለሁ፣ እኔን ማን በክሪክ አነሳኝ አለ። ሳቅን። ከዚያ ከሰይፈ ሚካኤል ትከሻ ላይ ዝገት የተጣበቀበት ገለባ አነሳና በጣቶቹ ፈተገው። ምሳ ሳቀርብለትም አልነካውም።

«ዘውዴ፣ ገለባው ነው አይደል?» አለኝ።

አይደለም አባባ፣ ዝናቡ ነው አልኩት። አላመነኝም። ብቻ ለዋቁማ እንዳትነግሪብኝ አለ። አባታችን ሰው ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። እሱን ዋሸሁት፣ ያለኝንም ሳልጠብቅ ይኸው ላንተ ጻፍኩ፤ ሁለቱም ከብደውኛል።

እባክህ ስትደውል መኪናዬን ጠበቅህልኝ ብለህ አታመስግነው። አሁን የሚያመው ምስጋናህ ነው። እሱ ራሱ ካነሳው ግን አባባ፣ ብረት ነው፣ መዛጉ አይቀርም በለው፣ ድምፅህም አይቀየርበት። ስለ መኪናዋ አንተ ወስን። ሰይፈ ሚካኤል፣ የእሷን ዓይነት አካል ከተገኘ ያንን ቆርጦ መተካት ይቻላል ይላል። አባባ ግን በሕይወት እያለ ጎሬ የሚሄድባት አይመስለኝም።

አባባ ግንባርህን ይስማል። እትዬ አልጣሽ ሰላም በይልኝ ብላለች። ሰይፈ ሚካኤልም አንተ ብትሆን ኖሮ ቀድመህ ከስሯ ትገባ ነበር ይልሃል። ሰኚን አቅፈህ ሳምልኝ። ሲፋንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያትሽ ቁመትሽን ይጠይቃል በላት።

ደብዳቤውን ሳላሽገው አደረ። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ተነሳሁ፣ ውሃ አሞቅሁ፣ አባባን ፊቱን አስታጠብኩት። ቂጣና ሻይ አቀረብኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትናንት ዋሽቼሃለሁ፣ ገለባው ነው፣ ለዋቁማም ጽፌለታለሁ አልኩት። ቂጣውን አኝኮ ዋጠ።

«ታዲያ ምን ባነጥፍላት ይሻል ኖሯል?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

አካፋ ይዤ ወጣሁ። ገለባውን ከስሯ ጠርጌ ጓሮ አጋዝኩት። የፊቱን ብራቾ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ግራሶ ቀባሁት። እጄን በናፍጣ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠብኩ። ልብሴን ቀየርኩ። አባባን ጋቢውን አለበስኩትና አዳዳ ኢሊሊን ለመጠየቅ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድን። የጎሬው ሚኒባስ ረዳት ከኋላ ግቡ አለን። አባቴን ጉልበቱን ያመዋል ብዬ ከሹፌሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ቀበቶውን አሰርኩለት። በሩን ዘጋሁለትና ከኋላው ወንበር ገባሁ።

እህትህ ዘውደነሽ ጅራታ

ጎሬ፣ ቅዳሜ ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.