ለክፉ ቀን የተቀመጠ ትንፋሽ

እሑድ፣ የካቲት 12

አባዬ፣

«ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እርስዎ ግን ውሸት ከሩቅ ይሸትዎታል። ሰሞኑን መቀመጥ አቅቶኛል። ይህንንም የምጽፈው እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው።

«ተሳስቻለሁ ብለሽ ፈርሚና ይለፍ» ያሉበት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አልፈርምም።

ነገሩን ከሥሩ ይስሙኝ። አዲሱ የአስም ሕክምና መመሪያ ሲመጣ በጦር ሰፈሩ ክሊኒካችን እንዳስጀምረው የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። የሚለውም ቀላል ነው፦ አስም ያለበት ሰው ሲታፈን ወደ አፉ የሚነፋውን ፓፍ ብቻ ይዞ አይኑር፤ የሚከላከለውን በየቀኑ ይውሰድ። መረመርኩ፤ አሥራ አንድ ወታደሮች አገኘሁ። አንዱ ሹፌር ነው፤ ደረቱ ስለሚጮህ ጓደኞቹ «ፉጨት» ይሉታል። «እህቴ፣ እኔ እኮ ክላክስ ሳልነካ መንገድ የሚለቀቅልኝ ሹፌር ነኝ» ብሎ አስቆኛል።

አዛዡ መዝገቡን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። «ወታደር ጉንፋን ይይዘዋል እንጂ አስም አይይዘውም! ጤነኛ ጦሬን በብዕር አሳመምሽብኝ!» በማግስቱ ከክሊኒክ አንስተው መድኃኒት መጋዘን ጣሉኝ።

እዚያ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አራት ካርቶን የአስም መከላከያ ፓፍ፣ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው! መደርደሪያው ላይ «ለክፉ ቀን። ያለ ትእዛዝ አይነካም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የእጅ ጽሑፉን እንዳየሁ አወቅኩት፤ ያንን መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት የያዙት እርስዎ ነዎት። አባዬ፣ ይህ መድኃኒት በክፉ ቀን ቢሰጥ አይደርስም። ክፉው ቀን እንዳይመጣ ነው የተሠራው፤ ለዚያውም ለሳምንታት በየቀኑ ተወስዶ።

ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ፈቃድ ጠየቅኩ። መልስ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት ፉጨት የጠዋት ሩጫ ላይ ወደቀ። ስደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ለጥቂት ተረፈ። በማግስቱ ካርቶኖቹን ከፍቼ ለአሥሩ አስፈርሜ ሰጠሁ፤ የእሱን ሆስፒታል ድረስ ወሰድኩለት።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ክሱ «ንብረት ያለ ትእዛዝ ማውጣት» ይላል። የደንብ ልብሴን ሊያስወልቁኝ ይችላሉ። ሰብሳቢው የድሮ ወዳጅዎ ስለሆኑ ደውለው እንደሚለምኑልኝ ጽፈዋል። አይለምኑልኝ። ከደወሉ ግን ያ ማስታወቂያ ለፋሻና ለደም ማቆሚያ እንደተለጠፈ፣ ያኔ ይህ መድኃኒት የመጋዘኑን ደጃፍ ረግጦ እንደማያውቅ ይንገሯቸው። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ትንፍሽ አልልም፤ መናገሩን ለእርስዎ ትቻለሁ።

እድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ ጤናውን ግን ለፈጣሪ ብቻ አይተዉት። ያችን የጠዋት ሳልዎን «ብርድ ነው» አይበሉኝ። ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ብርድ የለም፤ ይመርመሩ።

አሁንም ነርሷ ልጅዎ