ሰልሰቢል መንገዱ አልጠፋትም

ለተከበሩ አባቴ ለሼህ ኢስሐቅ፣
ሐርቡ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ለሶላት ሲጎነበሱ የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ እንዳለ ነው? እማዬስ ዐይኗ እንዴት ሆነ? የበልጉ አዝመራስ? እኔና የልጅ ልጅዎ ሰልሰቢል አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። የካርቱሙ ሰፈራችን የዴም ሙቀት እንደሆነ ለምደነዋል። ሳዲቅ ወንድሜ፣ የምታነብላቸው አንተ ነህና እባክህ እንደ ልማድህ አትሩጥ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ሰልሰቢል ነው። በኢድ ማግስት ፒያኖ ስትጫወት በስልክ አሰምቼዎት ነበር። ያኔ እርስዎ፣ ይቺ ልጅ ምነው ሄዳ ሄዳ ከመሐል ተመለሰች፣ ጠፋት እንዴ ብለው ሳቁ። ለጨዋታ ያሉት እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ግን አጠገቤ ሆና ሰምታዋለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መመለስ አፈረች። ይህን ከልቧ የሚያወጣላት ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው ስለሌለ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት።

እንደሚያውቁት የምሠራው ጀሪፍ ሰፈር፣ ሲት ናስራ ቤት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያኖ ሲያስተምሩ የኖሩ አሮጊት ናቸው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የኖታውን መጽሐፍ የምገልጥላቸው እኔ ነኝ። ሰልሰቢል ከትምህርት ቤት ወደዚያ እየመጣች፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስታይ ስታይ ከረመችና በሰባት ዓመቷ ሴትዮዋ ራሳቸው ያስተምሯት ጀመር። ይኸው አሁን ዐሥራ ሁለት ሞላት። በኖታው ላይ አንዳንድ ቦታ፣ መስመሩ ሲያልቅ፣ ሁለት ነጥብ አለች። እዚያ የደረሰ ሰው ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ያንኑ እንደገና መጫወት አለበት። ሲት ናስራ በዚች ነጥብ ቀልድ አያውቁም። የሚያስተምሯቸው ልጆች ሊዘሏት ሲሉ በከዘራቸው ወለሉን መታ አድርገው «ታኒ!» ይላሉ፤ ድገሙት ማለታቸው ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ሰው ነጥቧን ለጌጥ አላኖራትም፣ አንድን ሰው በር ላይ አንዴ ሰላም ስላልሽው አወቅሽው ይባላል እንዴ ይላሉ።

እዚህ ከተማ ባለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ኡስታዝ ኢሳ ግን በዚህ አይስማማም። ሻይ ሊጠጣ በመጣ ቁጥር ይሟገታሉ። የድሮ ሰዎች የሚደግሙት መቅረጫ ስላልነበራቸው ነው፣ ዛሬ መልሶ መስማት የፈለገ ስልኩን ይነካል፣ ሚኒባስ የሚያመልጠውን ሰው ሁለቴ ቁጭ አታድርጉት ይላል። እውነቱን ለመናገር እሱም ከመሬት ተነስቶ አይደለም።

በግንቦት መጨረሻ ትምህርት ቤቱ በነፃ የሚያስተምረውን አንድ ልጅ ለመምረጥ ዐሥራ አንድ ልጆች ፈተነ። መድገም አለመድገሙ ለተፈታኙ ተተወ። ሰልሰቢል አልመለስም ብላ ቁርጧን ተናገረች። ሲት ናስራ ለምን ቢሏት ኖታዋን መሰብሰብ ያዘች። በሪክሻ፣ በእናንተ ባጃጅ፣ ስንመለስ ግን፣ አያቴ እንኳን ጠፋት ብለዋል፣ ፈታኞቹም እንደዚያ ቢሉኝስ አለችኝ። አባባ፣ አንጀቴን በላችው።

የፈተናው ዕለት ገጽ ልገልጥላት ጎኗ ቆምኩ። የቤት ሠራተኛ መሆኔን የሚያውቁ እናቶች ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ከእግር እስከ ራሴ ያዩኛል። ጀመረች። ነጥቧ ጋ ስትደርስ ወደ ፊት መግለጥ ነበረብኝ፤ የተነጋገርነውም እንደዚያ ነው። እጄ ግን ወደ ኋላ ገለጠ። ወላሂ አስቤበት አይደለም! አምስት ዓመት ሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሲገልጥ የኖረ እጅ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጣቶቿ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ተመለሰች።

የተመለሰችበት ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም። መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለች ነበር፤ አሁን ለስለስ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ እያጣጣመች ተጫወተችው። በዚያች ሰዓት ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በመውሊድ መንዙማ ሲያወጡ፣ ተቀባዩ ከተቀበለ በኋላ ያችኑ ቤት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይመልሷት የለ? ሰው እንባውን የሚጠርገው በሁለተኛዋ አይደል? ሼህ ኢስሐቅ መንገዱ ጠፋቸው ያለ ሰው እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ሳታውቀው የእርስዎን አወጣጥ ይዛለች።

ስትጨርስ ኡስታዝ ኢሳ ራሱ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን ስም ሲለጠፍ፣ ከዐሥራ አንዱ እሷ ሆነች! በፈተናው ዕለት እጄን ያዩት ሲት ናስራ ለኡስታዝ ኢሳ፣ ልጅቷን ወደ ኋላ የመለሰቻት ሬሕማ ናት ብለው በሰው ፊት በስሜ ጠሩኝ። እኔ፣ አንዲት ኖታ ማንበብ የማልችለው! አልሸሽግዎትም፣ ኮራሁ። ከጀሪፍ እስከ ዴም ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የገባሁት። ሰልሰቢል ግን እንኳን ደስ አለሽ ሲሏት፣ አያቴ ገና አልሰሙኝም ትላለች።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለሳዲቅና ለባለቤቱ ለዘሀራ፣ ጥርስ አወጣ ላላችሁኝ ለትንሹ ኑርሁሴን፣ ሰላምታ ሳይልኩ ለማይውሉት ለጎረቤታችን ለጋሽ በየነም ሰላምታዬን አድርሱልኝ። አባባ፣ ለእርስዎ ያለኝ አንድ ልመና ነው። የፊታችን ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰልሰቢል ትደውላለች። መጀመሪያ ስትጫወት ዝም ብለው ያድምጧት። ስትመልሰው ግን፣ እንደ መንዙማው፣ እርስዎ ይቀበሏት።

ልጅዎ ሬሕማ ኢስሐቅ
ካርቱም፣ ዴም
ሰኔ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.