ዲማ ጋራን ለወገናቸው ያቆዩት የወይዘሮ ሸዋወርቅ አምባዬ የሕይወት ታሪክ
(፲፱፻፲፱ – ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.)

እናታችን ወይዘሮ ሸዋወርቅ አምባዬ ወደዚህ ዓለም የመጡት በ1919 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ደጋው ከቆላው በሚገናኝበት አንድ ተዳፋት መንደር ነው። አባታቸው አቶ አምባዬ ወልደጊዮርጊስ ገበሬና ንብ አናቢ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ፀሐይቱ ደስታ በጥጥ ፈታይነታቸው የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ ሲሆኑ የክርስትና ስማቸው ወለተሥላሴ ነው። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት በአካባቢያቸው ስላልነበረ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ወላጆቻቸውን በሥራ በመርዳት ነው።

በ1937 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለየሱስ አብተው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ጥቂት ዓመታት በእርሻ ከኖሩ በኋላ አንበጣውም የዝናቡም መቅረት ተደራርቦ ማሳው ባዶ ሲሆንባቸው፣ በ1947 ዓ.ም. አገራቸውን ለቀው ወደ ወንጂ ወረዱ። አቶ ኃይለየሱስ በመጀመሪያ አገዳ ቆራጭ፣ በኋላም የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ሆኑ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ በሠራተኛው ሰፈር ዳቦና ሻይ እየሸጡ ቤታቸውን ደገፉ። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከአርሲ ከመጡ ጎረቤቶቻቸው ጋር እየተዛመዱ፣ እየተጠራሩ ኖሩ። ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው መናገር የጀመሩትም በዚያው ነው። አራት ልጆች ወልደው አንዱን በወባ አጥተዋል። ስለዚያ ልጅ ብዙ አይናገሩም ነበር፤ ስሙን ግን በየጸሎታቸው ያነሱት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አቶ ኃይለየሱስ በደረት ሕመም ምክንያት ከፋብሪካው ወጥተው ነበርና ቤተሰቡ ከናዝሬት ከተማ ወጣ ብሎ በዲማ ጋራ ሥር የእርሻ ቦታ ተሰጠው። ዲማ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው። ጋራው ይህን ስም ያገኘው ዛፉ ተቆርጦ፣ ሣሩ ተግጦ ቀይ አፈሩ ከሩቅ ስለሚታይ ነው። አቶ ኃይለየሱስ በ1970 ዓ.ም. በሞት ሲለዩ ወይዘሮ ሸዋወርቅ የቤቱ አባወራም እማወራም ሆኑ። በቆሎ፣ ጤፍና ቦሎቄ እየዘሩ፣ በበጋ ደግሞ ከጋራው እንጨት ለቅመው ናዝሬት ገበያ እየሸጡ እኛን ልጆቻቸውን አስተማሩ።

መሠረተ ትምህርት በታወጀ ጊዜም በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ፊደል ቆጠሩ። ከአስተማሪዎቻቸው አንዷ የገዛ ልጃቸው ጥሩነሽ ስለነበረች፣ «ዛሬ የቤት ሥራዬን አልሠራሁም፤ ልጄ ትቆጣኛለች» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። ዳዊት ራሳቸው ማንበብ የቻሉበትን ቀን ከሠርጋቸው ቀን አያሳንሱትም።

በ1973 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ብዙም አልቆየም። ጋራው ግን ራቁቱን ነበርና የወረደበትን ውኃ ሁሉ ወደ መንደሩ ለቀቀው። ጎርፉ የቅርብ ጎረቤታቸውን የወይዘሮ ዙለይካን ቤት ከነፍየሎቻቸው ጠርጎ ወሰደው። ወይዘሮ ዙለይካና ልጆቻቸው የተረፉት ገበያ ውለው ስለነበር ነው። እናታችን ወዲያው ወደ ቤታቸው አስገቧቸው፤ እስከ አዝመራም ድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። ወይዘሮ ዙለይካ በአንድ ምሽት፣ «አምና ዝናብ አጣን፤ ዘንድሮ ዝናብ ቤቴን ወሰደው። እንግዲህ አላህን ምን ብዬ ልለምነው?» አሏቸው። እናታችን ይህ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ እንደነሳቸው ኋላ ነግረውናል።

በቀጣዩ ዓመት ሙሉአለም የተባለ የእርሻ ሚኒስቴር የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ወደ ዲማ ተመደበ። የመጣው ሁለት ነገር ይዞ ነበር። አንደኛው እርከን ለሚሠራ ሁሉ ስንዴና ዘይት የሚሰጥበት የእህል ለሥራ ፕሮግራም ነው። ይህንን ሁሉም ወደደው። ሁለተኛው ግን ጋራውን ለአምስት ዓመት ከከብትና ከመጥረቢያ መከለል ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ በዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተበተነ። ብዙ ከብት የነበሯቸው አቶ ሰንበታ፣ «ከብቶቼን ሰማይ ላይ ላሰማራቸው?» ብለው ተቃወሙ፤ ብዙ ሰውም ደገፋቸው።

በሦስተኛው ስብሰባ ወይዘሮ ሸዋወርቅ እጃቸውን አውጥተው ተናገሩ። «እኔም ከዚህ ጋራ እንጨት ለቅሜ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ሲዘጋ የምጎዳው እኔ ነኝ። ነገር ግን የዙለይካን ቤት ጎርፉ ሲወስደው አይቻለሁ። ዝናቡን የሚያወርደው እግዜር ነው፤ የወረደውን መያዝ ግን የእኛ ፋንታ ነው» አሉ። ድሆች ሴቶች የወደቀ ደረቅ ጭራሮ እንዳይከለከሉም ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ አቶ መርዳሳ ይህን ሐሳብ ጨምረው ለድምፅ አቀረቡት፤ በጥቂት ብልጫም አለፈ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከጋራው ኮሚቴ አባላት አንዷ ሆነው ተመረጡ።

የመጀመሪያው ዓመት የሚያኮራ አልነበረም። የተተከለው ችግኝ አብዛኛው በፀሐይ ደረቀ። መንገደኛ ሁሉ፣ «የሸዋወርቅ ጫካ ደህና አደረ ወይ?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁና እርከኑን ሊጠግኑ ይወጣሉ። በሁለተኛው ዓመት ማንም ያልዘራው ሣር በየእርከኑ ብቅ አለ፤ ከተቆረጠው ግራርና ክትክታ ጉቶም አዲስ ቀንበጥ ወጣ።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ወጣ። በቆሎው ሳያሸት ደረቀ። በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከብቱ በየሜዳው መውደቅ ሲጀምር በአገሩ ሁሉ ሣር የቀረው በዲማ ጋራ ላይ ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ አቶ ሰንበታ ከዘመዶቻቸው ጋር ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ጋራው ወጡ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሰምተው ሮጡና መግቢያው ላይ ደረሱባቸው። አቶ ሰንበታ እንደ አገሩ ወግ «የጥሩነሽ እናት» ለማለት፣ «ሃዳ ጥሩነሽ፣ ከመንገዱ ይውጡልኝ። እርስዎን መግፋት አልፈልግም» አሏቸው።

«ኦቦ ሰንበታ፣ ከብቱ ከገባ ሣሩን በሳምንት ጨርሶ፣ ሥሩን ረግጦ ነው የሚወጣው። ከዚያስ ወዴት ሊነዱት ነው?»

«የከርሞውን ዋቃ ያውቃል። የእኔ ከብቶች የሚወድቁት ዛሬ ነው። ይህን ሣር ያሳደግነው እያየነው ልንደኸይ ነው?»

እናታችን ሰውዬው ያሉት እውነት መሆኑን እንደተረዱት፣ እንዲያውም እንዳፈሩ፣ ደጋግመው አጫውተውናል። በመጨረሻም፣ «ልክ ነዎት። ሣሩ ለክፉ ቀን ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው? ከብቱ አይግባ፤ ማጭድ ይግባ። አጭደን እናብላቸው» አሉ። ሣሩ ለሁሉም ከብት እንደማይበቃ ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር። መጀመሪያ የሚያርሰው በሬ፣ ቀጥሎም የምትታለበው ላም መትረፍ ነበረባቸው። ይህ ብዙ ከብት ላላቸው ለአቶ ሰንበታ የቀሩትን እንደ መቅበር ነበር። አቶ ሰንበታ ለረጅም ጊዜ ከብቶቻቸውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እንባቸውን እየጠረጉ አዙረው ይዘዋቸው ወረዱ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጋራው በመንግሥት ትእዛዝ የተከለለ ነበርና አቶ መርዳሳ፣ «ያለ ፈቃድ አንድ ማጭድ ቢገባ የምታሰረው እኔ ነኝ» አሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ አቶ ሰንበታ፣ ወይዘሮ ዙለይካና ወጣቱ ሙሉአለም አብረው ናዝሬት ወደሚገኘው የአውራጃ ቢሮ ሄዱ። ኃላፊው ጉዳዩ ከበላይ መወሰን እንዳለበት፣ መልሱም እስኪመጣ መታገሥ እንደሚገባ ገለጹላቸው።

እናታችን ነጠላቸውን አደግድገው ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ጌታዬ፣ እኛ እንታገሣለን፤ በሬዎቹ ግን አይታገሡም። የእርዳታ እህል ሰጥታችሁናል፤ እግዜር ይስጥልን። በሬዎቻችን ከሞቱ ግን ዝናብ ቢመጣም የምናርስበት የለንም፤ ለከርሞም እናንተው ደጅ ነን።»

ኃላፊው ወደ ሙሉአለም ዞረው፣ «ሣሩ ቢታጨድ ጋራው አይበላሽም?» ሲሉ ጠየቁት። እሱም ከሥሩ ከፍ ተደርጎ ከታጨደ ተመልሶ እንደሚያድግ አስረዳ፤ ቢበላሽ በኃላፊነት እንደሚጠየቅም በራሱ አንደበት ተናገረ። ኃላፊውም የበላይ መልስ ሳይጠብቁ ፈቃዱን ጻፉላቸው፤ ያን ዕለት ይዘውት ተመለሱ። ለዚያ ወጣትና ስማቸውን ላልያዝነው ለእኚያ ኃላፊ ቤተሰባችን ዛሬም ምስጋናውን ያቀርባል።

በማግስቱ ከየቤቱ አንዳንድ ሰው ማጭድ ይዞ ወጣ። ሁሉም ከብት አልተረፈም። የእናታችን አንዱ በሬ ፈቃዱ ከመምጣቱ በፊት ወድቆ ነበር። አቶ ሰንበታም ከብዙ ከብቶቻቸው የቀሩላቸው ጥቂት ናቸው። ሆኖም ያንን ሁሉ እያጡ አንድም ቀን ከአጨዳው አልቀሩም፤ የሴቶቹን ማጭድ ተቀብለው ይስሉላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ሲመለስ የዲማ ገበሬ በሬ ጠምዶ ወጣ። እናታችንም የተረፈውን በሬያቸውን ከወይዘሮ ዙለይካ በሬ ጋር አቀናጅተው ሁለቱንም ማሳ አሳረሱ። በሬያቸው አልቆባቸው በዶማ ይቆፍሩ ለነበሩ አጎራባች ማኅበራትም የዲማ ሰው ተራ ገብቶ አረሰላቸው።

በ1978 ዓ.ም. በመንደር ምሥረታ ቤታቸውን አፍርሰው ወደ አዲሱ መንደር ተዛወሩ። መንደሩ ከጋራው ራቅ ይል ስለነበር ከብዷቸው ነበር፤ ያም ሆኖ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በእግራቸው እየሄዱ እርከኑን ማየት አልተዉም። በ1979 ዓ.ም. ከጋራው ግርጌ ሽማግሌዎች እንኳ በወሬ ብቻ የሚያውቁት ምንጭ ውኃ አፈለቀ። ውኃው ቀጭን ነበር፤ ግን በጋውን አልደረቀም። ከአቦምሳና ከሻሸመኔ በኩል ሳይቀር የገበሬ ማኅበር ተወካዮች ሊጎበኙ መጡ። እንግዶቹ እናታችንን ሲያመሰግኑ እሳቸው አቶ ሰንበታን በእጃቸው እያሳዩ፣ «እኔ ከልካይ ነበርኩ። እያለቀሰ ከብቱን የመለሰው እሱ ነው፤ እሱን አመስግኑ» ይሉ ነበር። አቶ ሰንበታን «እሱ» ያሉበት ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው፤ እንደ ወንድም ቆጥረዋቸው ነበርና።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ካለፈው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በጉበት ሕመም ታመው በናዝሬት ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተዋል። ሐኪሞቹና አስታማሚዎቹ ላደረጉላቸው እንክብካቤ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ወይዘሮ ዙለይካም አልጋቸው አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈው፣ በራሳቸው የጾም ወር እንኳ ሳይለዩ አስታመዋቸዋል። እናታችን መሄጃቸው መቃረቡን ባወቁ ጊዜ ልጆቻቸውን ጠርተው የተናዘዙት አንድ ነገር ነው። «ለተዝካሬ በሬ እንዳታርዱ። ቆሎና ዳቦ ይበቃል። በሬውን በሬ ለሌለው ስጡልኝ» አሉ። እኛም እንዳሉት አድርገናል፤ በሬው ዛሬ ጠዋት ከመንደሩ ችግረኞች ለአንዱ ተሰጥቷል።

ሚያዝያ 11 ቀን 1981 ዓ.ም. ንስሐቸውን ፈጽመው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሁለት ሴት ልጆች ጥሩነሽና አሳየች፣ አንድ ወንድ ልጅ ካሣ፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆች አሏቸው። ካሣ በብሔራዊ ውትድርና በሰሜን ግዳጅ ላይ ስለሚገኝ የእናቱን አስከሬን ለመሸኘት አልታደለም። ስለ እሱ በሰላም መመለስ እንድትጸልዩልን እንለምናለን።

አስከሬናቸውን ከመንደር እስከ ቤተ ክርስቲያን እየተፈራረቃችሁ በትከሻችሁ የተሸከማችሁ የዲማ ሰዎች፣ ከወንጂ ሰፈር የመጣችሁ የድሮ ጎረቤቶች፣ የዕድሩ አባላት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። እናታችን የሰጡንን ስንቆጥር ከሐዘናችን ይልቅ ምስጋናችን በልጦብናል።

ለደረቀ ምድር ውኃን የሚያዝዝ አምላክ የወለተሥላሴን ነፍስ ድርቅና ጥም በማይደርስበት አገር ያሳርፍልን፤ በኋላቸው ለቀረነውም እንደ እሳቸው ለሰው የሚተርፍ ዕድሜ ይስጠን። አሜን።