የእማዬ የመጀመሪያ እምቢታ

ጥር 3

የትምህርት ቤት ቀሚሶቹን ጨርሼ አስረከብኩ። የስፌት መኪናዬን ሸፈንኩ። ነገ ከእማዬ ጋር ሚጡ ጋ እንሄዳለን፤ ሁለት ሳምንት ከተማዋን ልታሳየን። እማዬ ሻንጣዋን ስትፈታና ስታስር ዋለች። ለእኔ ነገር እንዲህ ስትሰናዳ አይቻት አላውቅም... ይሁን። ሚጡ የመጨረሻ ልጇ ናት፣ ከሄደችም ቆየች፤ ይገባኛል። ይገባኛል እላለሁ እንጂ አይገባኝም።

ጥር 4

ደረስን። ሚጡ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር፣ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። እማዬ ገና ከአውቶቡሱ ደረጃ ሳትወርድ፣ "አንተ ሌባ፣ ከሳህብኝ እኮ" አለቻት።

አንተ... እማዬ የምትሳሳላትን ሴት በወንድ ነው የምትጠራው። ሚጡ ከጨቅላነቷ ጀምሮ "አንተ" ናት። እኔ "አንቺ" ነኝ። "አንቺ፣ ሻንጣውን ያዢ።" ያዝኩ።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳው ሥር የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ሰፈር፤ ሲቃኙ ይውላሉ። እማዬ በሩን ከፍታ አልዘጋም አለች። ቤት ስሆን የስፌት መኪናዬን "ጆሮዬን በጠሰው" የምትል ሴትዮ።

ጥር 6

ሚጡ አስጎብኚ ናት። ዛሬ ከእንግዶቿ ጋር አብረን ዞርን። ቢጫ ጃንጥላ ወደ ላይ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዙራ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ታወራለች። የድሮው የከተማ በር፣ የሰዓት ሠሪዎቹ መንገድ፣ ጣሪያቸው በሥዕል የተሞላ ቤቶች፣ አደባባዩ ላይ የሚዘፍኑ ሽማግሌዎች... ሁሉም ያውቃታል፣ ሁሉም ይስማታል። ድንጋይ በድንጋይ በሆነ መንገድ አንዴም አልተደናቀፈችም። ትደናቀፍ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እማዬ ከፊት ከፊት፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። አንዷ ጎብኚ፣ "የአስጎብኚያችን እናት ነዎት?" ስትላት አንገቷ በአንድ ጊዜ ረዘመ። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ቦርሳ ተሸክሜ ነበራ።

ጥር 9

ሙዚየም። የድሮ የቴአትር ልብሶች። አንዱን ካባ ጠጋ ብዬ ሳየው ገበሩ በመኪና የተሰፋ ነው። ደስ አለኝ። "ሚጡ፣ ይሄ የድሮ አይደለም" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"አዎ እትዬ፣ ቅጂ ነው። እዚያው ተጽፏል።"

ተጽፏል። በትልቁ።

ጥር 11

ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቅ አለ። በጀልባ ተሻግረን የሸክላ ሠሪዎች መንደር ገባን። ኮረብታው ሁሉ ወይን። መንገዱ ዳገት ነው፤ ከጓዳ እስከ ሳሎን "ወይ ጉልበቴ" የምትለው እማዬ ከእኔ ቀድማ ወጣች። ሸክላ ሠሪው አጠገቡ አስቀምጦ ጭቃ አስያዛት። እስከ ክንዷ ተለወሰች። የሠራችው ነገር ወደ አንድ ጎን ተኛ። "ምን ይሁን ብለው ነው?" ቢላት፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱ ይወስን" አለችው። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እንዲህ ስትስቅ ያየኋት አባዬ በሕይወት እያለ ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት አብሬያት የኖርኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቷን የማስታውሰው፣ ፀጉሯን የማጥብላት እኔ ነኝ። ሳቋ ለካ እዚህ ነው የተቀመጠው?

ቀናሁ። በቃ። በእህቴ ቀናሁ፣ በከተማው ቀናሁ፣ በሸክላ ሠሪው ሳይቀር ቀናሁ።

ጥር 13

ሚጡ ዕቃ እያጠበች፣ "እትዬ፣ እማዬ እዚሁ እኔ ጋ ብትቀር ምን ይመስልሻል?" አለችኝ።

"ራስሽ ጠይቂያት።"

"እኔ ስጠይቃት ቅር እንዳይለኝ ብላ እሺ ትላለች። እውነቱን የምትነግረው ላንቺ ነው። በናትሽ አንቺ ጠይቂልኝ።"

እሺ አልኩ።

ጥር 14

ጠየቅኳት። በረንዳው ላይ። "ሚጡ ጋ መቅረት ትፈልጊያለሽ?"

"አይ፣ ምን በወጣኝ። ልጅቷን ላስቸግራት?"

የእማዬ የመጀመሪያ እምቢታ መልስ አይደለም። እኛ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዪ ሲሏት "ጠግቤያለሁ" ትላለች፤ በሞቴ ሲሏት ዝም፤ ሲደገም ትበላለች። ወንበር እንኳ በአንድ ግብዣ ተቀምጣ አታውቅም። ይሉኝታዋ ነው። መድገም የእኛ ሥራ ነው።

አልደገምኩም።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረች።

ለሚጡ፣ "አይሆንም አለች" አልኳት።

"ደግመሽ ጠየቅሻት?"

"ደግሜ ጠየቅኳት።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጥር 18

ቤታችን ገባን። አውቶቡስ ውስጥ እማዬ መስኮት መስኮቱን ስታይ መጣች። እኔም የሚጡን ነገር አላነሳሁም። ዝም አይነቅዝም... አይደል? አሸነፍኩ ማለት ነው። ታዲያ ምነው እራት አልበላ አለኝ?

የካቲት 2

የእማዬ ጉልበት ተመለሰ። ሕመሙ ማለቴ ነው።

የካቲት 9

ዛሬ አላስቻለኝም። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ የድሮ ቀሚስ ጠርዝ ትፈታልኝ ነበር። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

"እማዬ፣ ሚጡ ጋ ሄደሽ መኖር ትፈልጊያለሽ?"

"አይ፣ ምን በወጣኝ።"

"በሞቴ። እውነቱን ንገሪኝ።"

መቀሷን አስቀመጠች። "ይቺን በሞቴ ያኔ የት ጥለሻት ነው?"

"ፈርቼ ነው።"

"ምኑን?"

"እሺ እንዳትዪ።"

ከጭኗ ላይ ክር መልቀም ጀመረች። መልቀሙ አላልቅ አለ። ከዚያ፣ ቀና ሳትል፦

"ስጠብቅሽ ነበር። አሁን ትደግማለች፣ አሁን ትደግማለች ስል ሳትደግሚ ቀረሽ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እንግዲያው ይቺ ልጅ ትፈልገኛለች ማለት ነው አልኩ። እኔ እኮ ሸክም ሆኜብሽ የምትኖሪ ነበር የሚመስለኝ።"

"ሸክም ነሽ ማን አለሽ?"

"ማንም አላለኝ። አንቺ ምንም አትዪም እኮ።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ቀሚሱን መፍታት ቀጠለች።

"ታዲያ ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"እሄዳለሁ። ያኔ ብቀር የምቀረው ተጥዬ ነበር። አሁን የምሄደው ደስ ብሎኝ ነው።"

ሄዳ ትቅር ብዬ አይደለም የጠየቅኳት። አይ፣ የምትፈልገውን ነው የጠየቅኳት። ደግሜ።

የካቲት 10

ሚጡ ጋ ደወልኩ። "ዋሽቼሽ ነበር" አልኳት።

"አውቄያለሁ እትዬ። እማዬ ተደግሞላት እምቢ ያለችበትን ቀን አላስታውስም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ከሄደች ብቻሽን ነሻ።"

ስልኩን ዘግቼም ይኼን ነገር ሳላምጥ ዋልኩ። ለካ እሷም ታስብልኛለች። ቅናቴ እሱን እንኳ እንዳላይ አድርጎኛል።

የካቲት 21

ሸኘኋት። ሻንጣዋን እኔ ነኝ ያሰርኩት። አንዴ ብቻ ፈታችው።

መጋቢት 12

ቤቱ ጭር ብሏል። እሑድ ስለሆነ ሥራም የለ። ደወልኩ። ከእማዬ ድምፅ ኋላ ሌላ ሰው ይስቃል። ሸክላ ሠሪው ከተማ ወርዶ ምሳ ሊበላ መጥቷል አሉ። እማዬ ቸኩላለች፤ ከሰዓት ቴአትር አላቸው።

"ደህና ነሽ?" አለችኝ።

ደህና ነኝ ልል አፌን ከፍቼ፣ "ቀንቻለሁ" አልኩ።

"ምን?"

"ቀንቻለሁ እማዬ። እኔ ሳልኖር ስትስቂ እቀናለሁ።"

መስመሩ ተቆረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳ ድምፅዋ መጣ። ለእኔ አልነበረም፤ ወደ ቤቱ ዞራ ለሚጡ፣ ለእንግዳው፣ ለሁሉም ነው የምትናገረው።

"ሰማህ? እህትህ እኮ በእኔ ቀናች።"

እንዲህ በኩራት ስለ እኔ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።